እምቦጭ በጥቅምት አይሸነፍም

ክረምቱ ወጥቶ ጣና ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ከደምቢያ እስከ ፎገራ ያለው ዳርቻ አረንጓዴ ምንጣፍ ይለብሳል። ምንጣፉ እምቦጭ የተባለው የውኃ ላይ አረም ነው፤ ወሬው የሚነሣውም ያን ጊዜ ነው። ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ጀልባ ይከራያል፣ ወጣቱና ገበሬው ነቅሎ ወጥቶ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይነቅላል። ጥር ላይ ውኃው ሲሸሽና አረሙ ጭቃ ላይ ደርቆ ሲቀር፣ ወሬውም አብሮ ይደርቃል። አረሙ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ዓመቱ የሚዞረው እንዲህ ነው። የሕዝቡ ትጋት የሚያኮራ ነው፤ ለሐይቁ ሲል አልቅት ባለበት ውኃ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። የሚያስቆጨው ግን ትጋቱ የሚፈስበት ወር ነው። የምንዘምተው አረሙ በበረታበት ወቅት ነው። በደከመበት ወቅት ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ይህን ለመረዳት አረሙ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ያሻል። የእምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1950ዎቹ ማብቂያ ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ላይ ነው። ጣና ላይ የታየው በሰሜን በኩል፣ መገጭ ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አካባቢ ነበር። የሚራባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከእናት ተክሉ ሥር ወደ ጎን በሚወጣ ቅጥያ ነው፤ ቅጥያው ጫፍ ላይ ልጅ ተክል ይበቅላል፣ ልጁም በተራው ቅጥያ ያወጣል። ሙቀትና ምግብ ከተሟላለት በአምስት ቀን፣ ካልተመቸው ደግሞ በሁለት ሳምንት ግድም የሸፈነውን ቦታ እጥፍ ያደርጋል። ሁለተኛው በዘር ነው። ሐምራዊው አበባ ጥቂት ቀን ከታየ በኋላ አገዳው ጎንበስ ብሎ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ፍሬው እዚያው በስሎ ዘሩን ጭቃው ላይ ይጥላል። ያ ዘር ሳይበላሽ 15 እና 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ጣና ላይ አንድም እምቦጭ ባይቀር እንኳ፣ ጭቃው ውስጥ የተቀመጠው ዘር ገና ለብዙ ዓመት ይበቅላል ማለት ነው።

አሁን ስለ ጥቅምቱ ዘመቻ እናስላ። ከአንድ ቦታ ከመቶው ዘጠና አምስቱን አጸዳን እንበል፤ ይህ በእጅ ለሚሠራ ሥራ ትልቅ ውጤት ነው። አምስቱ ቀርቷል። በ15 ቀን አንዴ የሚታጠፍ ከሆነ አምስቱ አሥር፣ አሥሩ ሃያ፣ ሃያው አርባ፣ አርባው ሰማንያ ይሆናል። ይህ አራት ጊዜ መታጠፍ ነው፤ አራት ጊዜ 15 ደግሞ 60 ቀን ነው። ሰው ሁሉ የደከመበት ቦታ በሁለት ወር ውስጥ ወደነበረበት ተጠግቷል። የጣና ሌሊት ከኅዳር እስከ ጥር ስለሚቀዘቅዝ አረሙ በዚያ ወቅት ፍጥነቱን ይቀንሳል። የዘመቻው ሪፖርት «አረሙ ቀንሷል» ሲል ከቅናሹ የቱ የዘመቻው፣ የቱ የብርዱና የውኃው መሸሽ እንደሆነ ለይቶ የነገረን ግን የለም።

የክብደቱ ነገር ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ እምቦጭ በአንድ ሄክታር ከ200 እስከ 400 ቶን ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ከመቶው ዘጠናው እስከ ዘጠና አምስቱ ውኃ ነው። መካከለኛውን 300 ቶን እንያዝ። አንድ ጎልማሳ በቀን አንድ ቶን ነቅሎ፣ ተሸክሞ ዳር ያደርሳል ብንል፣ ለአንድ ሄክታር ብቻ 300 የሰው ቀን ያስፈልጋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአማራ ክልል ታላቁን ዘመቻ ሲያስጀምር አረሙ ሸፍኗል የተባለው ቦታ ከ4 ሺህ ሄክታር በላይ ነበር። 4 ሺህን በ300 ብናባዛ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ የሰው ቀን ይሆናል። ለዚህ ሁሉ ሰው ምሳ፣ የጎማ ቦት ጫማ፣ ጓንትና ጀልባ ማቅረብ ይቻላል ወይ? ጓንት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተክሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን መርፌ መሰል ነገሮች ቆዳ ያሳክካሉ፣ ያቆስላሉም።

የአረም ማጨጃ ማሽኑን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። ከውጭም በልገሳ መጣ፣ ከአገር ውስጥም ተሠራ። ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ብዙ ጊዜ ቆሞ ታየ፤ ለዚህም ሁሉ ሰው የሚያነሣው ምክንያት የመለዋወጫና የነዳጅ እጦት ነው። እውነት ነው፤ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። ማሽኑ ለመንሳፈፍ ጥልቀት ይፈልጋል። የጣና እምቦጭ የተጠጋው ደግሞ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ ደለል በሞላው የወንዝ አፍ፣ በደንገልና በሣር መካከል ነው። ማሽኑ የሚገባበት ቦታ ላይ አረሙ ስስ ነው፤ አረሙ የበዛበት ቦታ ላይ ማሽኑ ጭቃ ይዞት ይቀራል። ሌላው ጉዞው ነው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ 10 ቶን ይጭናል ብንል፣ አንድ ሄክታር ለማጽዳት 30 ጊዜ መመላለስ አለበት። ማራገፊያው አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ የቀኑ ሥራ በመንገድ ያልቃል። ማሽን የሚጠቅመው የተነቀለውን እየገፋ ወደ ዳር ለማድረስና የወደብ መግቢያን ክፍት ለማድረግ ነው። አረሙን ያጠፋል ብሎ መጠበቅ ግን ከመጀመሪያውም ስህተት ነበር። እየቆራረጠ ውኃ ውስጥ የሚተወው ዓይነት ማሽን ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል፤ ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ያለው ቁራጭ ሁሉ ራሱን ችሎ ይበቅላልና።

ታዲያ የቱ ወር ነው የሚሻለው? መልሱ ያለው ባሕር ሸሽ ላይ ነው።

የጣና ውኃ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፤ ከዚያ እየቀነሰ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅተኛው ቦታ ይደርሳል። በከፍታውና በዝቅታው መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ዓመት አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ምሥራቁና ሰሜኑ ዳርቻ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። መሬቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ሁለት ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅበት ቦታ ላይ ውኃው አንድ ሜትር ተኩል ሲወርድ 750 ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። ገበሬው ባሕር ሸሽ የሚለው ይህን መሬት ነው፤ በርጥበቱ ሽምብራ፣ ጓያ፣ በቆሎና ሽንኩርት ያበቅልበታል። የእምቦጭ ዘርም የሚጠብቀው ይኸንኑ መሬት ነው። ጥልቅና ጨለማ ውኃ ውስጥ ያለ ዘር ይተኛል፤ ውኃው ሸሽቶ እርጥብ ጭቃው ለፀሐይ ሲጋለጥ ይነቃል። ትንሿ ችግኝ ጭቃው ላይ ሥር ሰድዳ ትቆያለች፣ ሐምሌና ነሐሴ ውኃው ሲመለስ ተነቅላ ትንሳፈፋለች፣ ጥቅምት ላይ የምናየው ምንጣፍ ትሆናለች።

ከመጋቢት እስከ ሰኔ መጀመሪያ አረሙ ያለው በሁለት መልክ ብቻ ነው። አንዱ ጭቃ ላይ የበቀለው ችግኝ ነው፤ ይህ በመኮትኮቻ ተገልብጦ ፀሐይ ሲመታው በአንድ ቀን ይሞታል፣ ለመሸከም አያደክም፣ ማራገፊያ አይፈልግም። ሁለተኛው በየኩሬው፣ በየቦዩ፣ በወንዝ አፍና በደንገል ሥር ተደብቆ በጋውን የተሻገረው ትልቁ ተክል ነው። ጥቂት ነው፤ ግን የሚቀጥለው ዓመት እናት እሱ ነው። ጥቅምት ላይ በ300 ሰው የሚነሣው ሄክታር የተወለደው ግንቦት ላይ በአንድ ኩሬ ዳር ከተረፉ ጥቂት ተክሎች ሊሆን ይችላል። እነዚያን ማንሣት የአንድ ሰው የጠዋት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ተገቢም ነው። ግንቦትና ሰኔ ገበሬው የራሱን እርሻ የሚያርስበት፣ ሩዝ የሚዘራበት ወቅት ስለሆነ ጉልበት ከየት ይምጣ? ለዚህ ነው ነገሩ በዘመቻ አይሆንም የምለው። በየሐይቅ ዳር ቀበሌው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ፣ ደመወዝ ያለው ከአምስት እስከ አሥር ሰው ያለበት ቡድን ያስፈልጋል። ለዚህ ከዓሣ አስጋሪዎች የተሻለ ሰው የለም። በየቀኑ ውኃው ላይ ናቸው፣ ነፋሱ አረሙን ወዴት እንደሚገፋ ያውቃሉ፣ አዲስ ብቅ ያለውን ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎችም ደንገሉ ውስጥ የተደበቀውን ከማንም በላይ ይለዩታል።

አከፋፈሉ ላይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በተነቀለ ኩንታል መክፈል ብዙ እንዲበቅል ለሚጠብቅ ሰው መክፈል ነው፤ ችግኙን ግንቦት ላይ የገደለ ቡድን ምንም ኩንታል አይኖረውም። መከፈል ያለበት ንጹሕ ሆኖ ለቆየ ዳርቻ ነው። ይህ የእኔ ክልል ነው ብሎ የተረከበው ሦስት ኪሎ ሜትር ዳርቻ በየወሩ መጨረሻ ታይቶ ንጹሕ ከሆነ ይከፈለዋል።

ያ የሚታየው በምን ነው? እዚህ ላይ ሳይንሱ ከአስተዳደሩ ብዙ ቀድሞ ሄዷል። የአውሮፓ የሴንቲኔል ሳተላይቶች ጣናን በየጥቂት ቀኑ ያነሣሉ፤ ምስሉ 10 በ10 ሜትር የሆነች ቦታ ለይቶ ያሳያል፣ ዋጋ የለውም፣ ማንም ሊያወርደው ይችላል። ክረምት ላይ ደመና ይከልላል፤ ለዚያ ደመናን አልፎ የሚያይ የራዳር ምስል አለ። ችግሩ ከሰማይ ሲታይ እምቦጭ፣ ደንገልና የፎገራ ሩዝ ሁሉም አረንጓዴ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው በጀልባ ወጥቶ የተወሰኑ ነጥቦችን በአካል ማረጋገጥ አለበት። እስካሁን የሰማናቸው የሄክታር ቁጥሮች እርስ በርስ የሚራራቁትም በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዓይን ግምት የተነገረው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ነበር፤ በኋላ በሳተላይት የተለካው ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ቁጥሩ የሚነገረው ያለ ቀን ነው። የጥቅምት 4 ሺህና የግንቦት 4 መቶ አንድ ዓይነት አረም ሊሆን ይችላል። «ይህን ያህል ሄክታር ጸዳ» የሚባለው ሪፖርትም አንድን ቦታ ሦስት ጊዜ ካጸዱት ሦስት ጊዜ ይቆጥረዋል። በየወሩ 1ኛ ቀን በአንድ ዓይነት ዘዴ የተለካ ካርታ ለሕዝብ ይፋ ቢሆን ከዚህ ሁሉ ክርክር ያሳርፈናል።

አሁን የተነቀለው የት ይሂድ ወደሚለው እንምጣ። ብዙ ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ነው። በዘመቻው ጊዜ የተነቀለው አረም ዳር ላይ ይከመርና ይተዋል። ቀላል ስሌት እንሥራ። 300 ቶን እርጥብ አረም ሲደርቅ 15 ቶን ይሆናል። ከደረቁ ከመቶው ሁለቱ ናይትሮጅን ነው ብንል 300 ኪሎ ነው፤ ይህ ከስድስት ኩንታል ተኩል ዩሪያ ጋር ይስተካከላል። አረሙ ይህን የሳበው ከሐይቁ ነው። ክምሩ ዳር ላይ ሲበሰብስና የክረምቱ ዝናብ ሲያጥበው፣ የነቀልነውን ማዳበሪያ መልሰን ለሐይቁ ሰጠነው፤ ለቀጣዩ እምቦጭ ቀለብ አዘጋጀን። ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም። ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፣ ፎስፈረሱ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱ ዳር ላይ ከሆነ ጎርፉ ይዞት ይገባል። ስለዚህ ክምሩ መሆን ያለበት ጥቅምት ላይ ውኃው ከደረሰበት መስመር በላይ ነው። መጋቢት ላይ ከውኃው 50 ሜትር ርቆ የተከመረ አረም ነሐሴ ላይ ውኃ ውስጥ ነው።

ወደ ኮምፖስት መቀየር ይቻላል፤ ሆኖም በግድየለሽነት ከተሠራ ዘር ማሰራጫ ይሆናል። መጀመሪያ አበባ ያወጣውን ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ዘር ያለው እሱ ነው። ቀሪው ከውኃ ርቆ ጥቂት ቀን ይጠውልግ፤ ትኩሱን እንዳለ የከመረ ሰው የሚያገኘው የሚሸት ጭቃ ነው፣ አየር ስለማይገባው። ከዚያ ጣት በሚያህል ርዝመት ይከተከታል። ሦስት እጅ አረም፣ አንድ እጅ ጭድ ወይም የሩዝ ገለባ፣ አንድ እጅ እበት እየተነባበረ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይቆለላል። የሩዝ ገለባ በወረታ ወፍጮ ቤቶች ደጃፍ ተራራ ሆኖ ስለሚገኝ ችግር የለበትም። በጭብጥ ጨምቀውት ውኃ ጠብ ካለ በጣም እርጥብ ነው፤ ጭብጡን ሲለቁት ከተበተነ ደርቋል። ክምሩ መሐል እጅ የማያስከትት ሙቀት፣ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ ለጥቂት ቀን መያዝ አለበት፤ ዘሩን የሚገድለው ይህ ነው። ዳር ዳሩ ስለማይሞቅ በየሁለት ሳምንቱ ውጭ ያለው ወደ ውስጥ እንዲገባ ይገለበጣል። በሦስት ወር ግድም ጥቁር፣ አፈር አፈር የሚሸት ነገር ይሆናል። ይህን ለሽንኩርትና ለበርበሬ መስጠት ይቻላል። የከተማ ፍሳሽ በሚገባበት አካባቢ የተነቀለው ግን እምቦጭ ከባድ ብረቶችን ስለሚስብ ሳይመረመር ለምግብ ሰብል ባይውል ይሻላል። ለከብት መኖ መስጠትንም አልመክርም፤ ዘጠና ከመቶ ውኃ የሆነ ነገር ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም፣ ከብቶቹንም ያስቀምጣል።

ስለ ጥንዚዛዎቹ በየጊዜው የሚነሣ ተስፋ አለ። ከእምቦጭ አገር የመጡ፣ ሌላ ተክል የማይበሉ ሁለት ዓይነት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች አሉ። ጎልማሳው ቅጠሉን ይፍቃል፣ እጭ የሚባለው ትሉ ግንዱን ሰርስሮ አንገቱ ድረስ ይወርዳል፤ ተክሉ ውኃ እየገባው ይሰምጣል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ተለቀው ነበር፤ በ1998 አካባቢ 20 ሺህ ሄክታር ግድም የደረሰው አረም በጥቂት ዓመት ውስጥ እጅግ ቀነሰ። የዚያን ዓመት የኤልኒኞ ዝናብና ማዕበልም እንዳገዘ የሚከራከሩ አሉ። ይሁንና ቪክቶሪያ 1,134 ሜትር ላይ ያለ ሞቃት ሐይቅ ነው፤ ጣና 1,786 ሜትር ላይ ነው። ቅዝቃዜ ጥንዚዛውን ያዘገየዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በደጋማውና ፍሳሽ በበዛበት አካባቢ ውጤታቸው ደካማ የሆነው በሁለት ምክንያት ነው፦ ብርዱ ጥንዚዛውን ይጎዳዋል፣ ምግብ የጠገበው አረም ደግሞ ከጥንዚዛው አፍ ቀድሞ ያድጋል።

ጣና ላይ ሌላም ችግር አለ። ትሉ ወደ ጥንዚዛነት የሚለወጠው ውኃ ውስጥ ባለው ሥር ላይ ነው፤ በየበጋው አረሙ ጭቃ ላይ ሲደርቅ ጥንዚዛውም አብሮ ያልቃል። በእጅ ስንነቅልም ጥንዚዛውን ጭነን ወደ ክምር እንወስደዋለን። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ የሚቻለው በጋውን ሙሉ ውኃ የማይለየው የተወሰነ ቦታ ላይ፣ በተንሳፋፊ ገመድ ታጥሮ፣ ለጥንዚዛው መራቢያ የሚሆን አረም ከተተወ ብቻ ነው። አረም ለማጥፋት አረም መተው ለሕዝብ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ቢሆንም መሞከር አለበት። የሚሞከረው ግን በዓመታት ትዕግሥት ነው፤ በስድስት ወር ውጤት አምጡ ብሎ የሚጠይቅ ኃላፊ ካለ ባይጀመር ይሻላል። የአረም መርዝ መርጨትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ሰው የሚጠጣው፣ ዓሣ የሚሰገርበት፣ ሩዝ የሚጠጣበት ውኃ ላይ አይረጭም። በአንድ ጊዜ የሞተ ብዙ አረም ውኃው ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ጨርሶ ዓሣውንም ይዞት ይሄዳል።

ዓሣው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጣና ውስጥ ሌላ የትም ዓለም የማይገኙ ከ15 ያላነሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከነሱ ብዙዎቹ ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ። የሚያልፉት በወንዙ አፍ ነው። አረሙ የሚጠራቀመውም እዚያው ነው። ምንጣፉ ሥር ብርሃንም ኦክስጅንም የለም። በዚሁ ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚጥል አለ፤ ዓሣው ከሁለት ወገን ተይዟል። የጣና አካባቢ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ክልልነት ተመዝግቧል፤ ከተመዘገበባቸው ሀብቶች አንዱ ይህ ዓሣ ነው። እንግዲህ አንድ ወር ብቻ በጀት ቢኖር የት ይዋል ብትሉኝ፣ ሰኔ ላይ የሦስቱን ወንዞች አፍ ማጽዳት ላይ እላለሁ።

ይህ ሁሉ ግን ምልክቱን ማከም ነው። እምቦጭ የሚበቅለው ምግብ ስላለው ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውኃ ከመቶው ዘጠና በላይ ያመጣሉ፤ የሚያመጡት ግን ውኃ ብቻ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ታርሶ የተራቆተ አፈር ፎስፈረሱን ይዞ ይወርዳል። ደለሉ የወንዙን አፍ ጥልቀት ይቀንሳል፣ ያ ጥልቀት የሌለው ውኃ የአረሙ መኝታ ይሆናል። የጎንደር ፍሳሽ በአንገረብና በመገጭ በኩል ይወርዳል። ባሕር ዳርም ፍሳሿን ሰብስባ የምታጣራበት ሙሉ የመሥመር ሥርዓት የላትም፤ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር፣ ሲሞላ ወደ ቦይ መልቀቅ የተለመደ ነው። ቦዩ መጨረሻው ሐይቁ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው የአረቄና የሎሚ ምንጮች የሚነሡበት የኢንፍራንዝ ረግረግም ከዓመት ዓመት እየታረሰና እየጠበበ ነው። ረግረግና ደንገል የሐይቁ ኩላሊት ናቸው፤ ደለሉን የሚያስቀሩት፣ ማዳበሪያውን የሚመጥጡት እነሱ ናቸው። ከተማ ሲያምር ደስ ይላል፤ የሐይቁ ዳር በድንጋይና በንጣፍ ሲሠራ ግን ደንገሉ የነበረበት ቦታ ላይ ደንገል መልሶ መትከልም የዲዛይኑ አካል ይሁን። ወጪው ከአንድ ፏፏቴ አይበልጥም።

የውኃው ከፍታም የሰው እጅ ያለበት ነው። የጭስ ዓባይን ማመንጫ ለመመገብ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ ጨረጨራ በተባለው ቦታ፣ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የውኃ መቆጣጠሪያ በር አለ፤ በ1993 በሮቹ ተጨመሩ። በ1995 ዓ.ም. ውኃው ብዙ ተለቆ ሐይቁ እጅግ ወረደ፣ መርከቦች ቆሙ፣ ዳርቻው በሰፊው ተጋለጠ። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከሐይቁ በዋሻ ውኃ ይወስዳል። መብራት ያስፈልገናል፤ ማመንጫው ይዘጋ አልልም። የምለው ሰኔ ላይ ሐይቁ ምን ያህል እንዲወርድ ሲወሰን፣ በተጨማሪ የሚጋለጠው እያንዳንዱ ሜትር ጭቃ ለእምቦጭ ችግኝ መደብ እንደሚሆን ስሌቱ ውስጥ ይግባ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተዳድረውና ሐይቁን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ ይህ አይሆንም። ቁራጩና ዘሩ በጨረጨራ በኩል ወደ አባይ ከወረደ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው ታላቁ ግድብ የሚያደርስ መንገድ ክፍት ነው፤ በሩ አካባቢ ተንሳፋፊ መያዣ ገመድ ዘርግቶ በየሳምንቱ ማንሣት ከሁሉም ርካሹ ሥራ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ይህን ሁሉ እንዳከበደው ግልጽ ነው። ብዙ ሕዝብ በአውቶቡስ ጭኖ ደምቢያ ማውረድ እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። በየቀበሌው የሚኖሩ፣ ከመንደራቸው ሳይርቁ የሚሠሩ ትንንሽ ቡድኖች የሚያዋጡት ለዚህም ጭምር ነው፤ ማንም ከየትም መምጣት አይጠበቅበትም። ሐይቁን የሚጠቀሙት ወገኖች ሁሉ፣ በሌላ ነገር ባይስማሙም፣ ዓሣ አስጋሪው መረቡን ይዞ እንዲወጣና ችግኙን እንዲነቅል ቢተዉት የሚከስር የለም።

ለመጪው ግንቦት ዝግጅቱ ከአሁኑ ይጀመር። በመገጭ አፍ፣ በርብ አፍ፣ በጉማራ አፍ አንዳንድ ቡድን፤ ለእያንዳንዱ አሥር ሰው፣ ሁለት ጀልባ፣ ጓንት፣ ቦት፣ መኮትኮቻ፣ ሁለት መቶ ሜትር ተንሳፋፊ ገመድ። ከጥቅምቱ የውኃ መስመር በላይ የተከለለ ማራገፊያ። መጋቢት 1 ቀን የመጀመሪያው ካርታ ይወጣል፤ በዚያ ካርታ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ አረንጓዴ ነጥብ ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት በአካል ተጎብኝቶ ተነቅሏል ወይም ደንገል ነው ተብሎ ይመዘገባል።